ክፉ ቀን ላይ ሆኖ ሰው ሳያስቀይሙ መዋል፦ በየቀኑ የምታደርጓት ትንሽ ነገር ምንድን ናት?

ማለዳ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ አጭር ናት፤ ዙሪያዋ ግን ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ።

አባቴ የመርሳት ሕመም ይዞታል። የሚኖረው እኔ ጋ ነው። ድርጅታችን ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ከተቀነሱት አንዷ ስለነበርኩ ሥራ የለኝም። ወንድሞቼ ሩቅ ናቸው፤ ይደውላሉ። ገንዘቡም፣ ጊዜውም፣ እንቅልፉም አጥሮኛል። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም፤ ከእኔ የባሰ ያለበት ሰው እዚህ እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ይህ ሁሉ ሲያልፍ እኔ ምን ዓይነት ሰው ሆኜ እገኛለሁ? ክፉው ቀን አልፎላቸው ክፋቱ ግን አብሯቸው የቀረ ሰዎች አይቻለሁ። ንግግራቸው ይቆርጣል፤ ሰው ሲደሰት እነሱን ይከፋቸዋል። እንደዚያ መሆን አልፈልግም።

ስለዚህ፦ በየቀኑ የምታደርጓት፣ ገንዘብ የማትጠይቅ፣ አሥር ደቂቃ እንኳ የማትሞላ፣ ግን ጨዋነታችሁን ያቆየችላችሁ ነገር ምንድን ናት? «በጎ በጎውን አስቢ» የሚለው መልስ አደራ ይቅርብኝ።

የሌሊት ተረኛ

አይዞሽ እህቴ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ብዙ ጊዜ የምሠራው ሌሊት ስለሆነ ስለ ድካም የማወራው ከቅርብ ነው።

ሰው ጨዋነትን የሚፈልገው ከልቡ ውስጥ ነው። እኔ ግን ቀድሜ የምጠይቅሽ ትናንት ለስንት ሰዓት ያህል ተኛሽ ብዬ ነው። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ቢያንስ የ7 ሰዓት እንቅልፍ ነው። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ቁጣና ፍርሃት ሲነሡበት መግታት ያቅተዋል፤ ትንሿ ነገር ሆን ተብሎ የተደረገበት ጥቃት ትመስለዋለች። ስለዚህ «ክፉ ሆንኩ» ብለሽ ራስሽን ከመውቀስሽ በፊት እንቅልፍሽን ቁጠሪ።

አባትሽ ሌሊቱን ሙሉ አያስተኙሽ ይሆናል። ያኔ የመተኛ ሰዓቱ በእጅሽ አይደለም፤ የመነሻ ሰዓቱ ግን በእጅሽ ነው። ሌሊቱ ምንም ያህል ቢቆራረጥ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሺና ወዲያው ደጅ ውጪ። መስኮት አጠገብ መቆም አይበቃም። በሰውነታችን ውስጥ ያለውን ሰዓት በየቀኑ የሚያስተካክለው በዋናነት ብርሃን ነው፤ ይህ ሰዓት በሕዋሶቻችን ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የደረሱበት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ወስደውበታል። ሰማዩ ደመና ቢሆን እንኳ የደጁ ብርሃን ከቤት መብራት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አባትሽንም ይዘሻቸው ውጪ። ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቀንና ሌሊት ይደበላለቅባቸዋል፤ የጠዋት ብርሃን ለእሳቸውም ደግ ነው። ቀን ላይ እንቅልፍ ከጣለሽ 20 ደቂቃ ጋደም በይ፤ ካረዘምሽው ግን ደንዝዘሽ ትነሻለሽ፣ የማታውንም ይሻማብሻል።

ሁለተኛዋ የራሴ ናት። እኛ በሽተኛ ክፍል ከመግባታችን በፊት እጃችንን በአልኮል እናሻለን፤ በደንቡ ከተሠራ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይፈጃል። ያቺን ጊዜ አላባክናትም። ትከሻዬን ጣል አድርጌ፣ ትንፋሼን ቀስ ብዬ እስከ መጨረሻው አስወጥቼ፣ ልገባለት ያለሁትን ሰው ስም በልቤ እጠራለሁ። ካለፈው ክፍል ይዤው የመጣሁት ንዴት አብሮኝ አይገባም። ሁልጊዜ ይሳካል አልልሽም፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይሳካል። አንቺም እጅሽን ታጥበሽ ወደ አባትሽ በሄድሽ ቁጥር ይህንኑ ልታደርጊ ትችያለሽ። ተጨማሪ ጊዜ አይወስድም፤ እጅሽን መታጠብሽ የት ይቀራል።

እሺ ግን

ይቅርታ አድርጉልኝና ሌላ ነገር ልበል። ለምንድነው ጨዋነት ሁልጊዜ ከተጎዳው ሰው የሚጠበቀው? አንዲት ሴት ብቻዋን በሽተኛ ትይዛለች፣ ሥራ የላትም፣ እንቅልፍ የላትም። እኛ ደግሞ «ትንፋሽሽን ቀስ በይ» እንላታለን። ወንድሞቿ «ይደውላሉ»! ይህ የውይይት ክር ስለ እነሱ መሆን ነበረበት።

በትንንሽ ልማዶች ላይ ጥላቻ የለኝም። ግን ሸክም የበዛበትን ሰው አሸካከም ከማስተማር በፊት ከሸክሙ ላይ ማንሣት ይቀድማል።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ እሺ ግን፣ ከተናገርከው ግማሹን ወስጄልሃለሁ። ሌላው ግማሽ ላይ ግን አንድ ነገር ያደናገረህ ይመስለኛል። ጨዋነትን ከዝምታ ጋር አንድ አድርገኸዋል። ዝም ብሎ መሸከም፣ ሁሉን «እሺ» ማለት፣ ፊትን ፈገግ ማድረግ እኔ የማውቀው ጨዋነት አይደለም። እኔ የማውቀው፣ ሰው የደረሰበትን መከራ ለማያገባው ሰው አለማከፋፈሉን ነው። «እምቢ» ማለትም ወግ አለው። «አልችልም» ብሎ ማቆም ይቻላል። አሥር ምክንያት መደርደር አያስፈልግም፤ ምክንያት ሲበዛ ሰው መደራደር ይጀምራል።

ማለዳ ልጄ፣ ለአንቺ የምለው ስለ «እንዴት ነሽ?» ነው። በክፉ ቀን ከሚያደክሙ ነገሮች አንዱ ይህ ጥያቄ ነው። በቀን ስንት ሰው ይጠይቅሻል? በእያንዳንዱ ጊዜ እውነቱን ልናገር ወይስ ልተወው እያልሽ ትፈርጂያለሽ። ያ ፍርድ ራሱ ያዝላል። ደክሞሽ ሳለ ደግሞ ወይ ለማይመለከተው ሰው ሆድሽን ትዘረግፊያለሽ፣ ወይ ከልቡ የጠየቀሽን ሰው «ደህና ነኝ» ብለሽ በሩን ትዘጊበታለሽ።

እኔ ባለቤቴ በታመመችበት ጊዜ መልሶቼን አስቀድሜ አዘጋጅቼ እይዝ ነበር። ሦስት ናቸው። በመንገድ ለሚያልፍ ሰው «ደህና ነኝ፣ አንተስ?»። ይህ ውሸት አይደለም፤ እሱም የጠየቀው ሰላምታ እንጂ ምርመራ አይደለም። ለወዳጅ «ሰሞኑን ከብዶኛል፤ ዛሬ ግን ስለ እሱ ባናወራ ደስ ይለኛል። ይልቅ ያንተን ንገረኝ»። ይችን መልስ እወዳታለሁ፤ አትዋሽም፣ በር አትዘጋም፣ ለሌላውም የመናገር ተራ ትሰጣለች። ለቅርብ ሰው ደግሞ እውነቱ በሙሉ፣ መጨረሻው ላይ አንድ የተለየ ልመና ተጨምሮበት፦ «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት አጠገቧ ተቀመጥልኝ»። እሱ የሚያሳፍር የሚመስለው እስኪጠይቁ ድረስ ነው። ሰው መርዳት ይፈልጋል፤ ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ ነው ሸሽቶ የሚርቀው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የትም ባልሄድም በየጠዋቱ ልብሴን እቀይር ነበር። ለማን ብዬ እንደሆነ አላውቅም። ባለቤቴ ግን ስታየኝ «ዛሬ ደግሞ ወዴት ነህ?» ብላ ትስቅ ነበር።

ድንገቴ

21 ቀን ብቻ ታገሺ እህቴ። ማንኛውም ነገር 21 ቀን ከተሠራ ልማድ ይሆናል፤ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው።

ባለ ማስታወሻዋ

ድንገቴ ወንድሜ፣ አልተረጋገጠም። ቁጥሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ ከነበረ ማክስዌል ማልትዝ ከሚባል የፊት ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። ታካሚዎቹ አዲሱን ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚወስድባቸው አስተውሎ ጻፈ፤ «ቢያንስ» የምትለዋ በመንገድ ጠፋችና ቁጥሩ ብቻውን ዓለምን ዞረ። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ነገር ልማድ ሲያደርጉ ተከታትለው ነበር (እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ)። ነገሩ ሳይታሰብ የሚደረግ እስኪሆን የፈጀው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነው፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ይህን የምለው ለማረም ብቻ አይደለም። ማለዳ 21 ቀን ሠርታ 22ኛው ቀን ላይ አሁንም ከከበዳት ጥፋቱ የእሷ እንዳይመስላት ነው። ከዚያው ጥናት የወደድኩት ደግሞ፣ አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን ብዙም እንደማያበላሸው ነው። የዘለልሽውን ቀን ዝለዪውና ነገ ቀጥዪ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እኔ ጨዋነትን ለቅጽበቱ አልተወውም፤ ቀድሜ እጽፈዋለሁ። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ብዙ የጻፈበት ዘዴ ነው፦ «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ»። «ትዕግሥተኛ እሆናለሁ» የሚለው ውሳኔ የሚበላሽበት ምክንያት መቼ እንደሚጀመር ስለማይናገር ነው። ንዴቱ ሲመጣ ማን ያስታውሰዋል? በአንጻሩ «አባቴ አንዱን ጥያቄ ሲደጋግምብኝ፣ ከመመለሴ በፊት አጠገቡ እቀመጣለሁ» የሚለው ቦታም ጊዜም አለው። መቀመጥ ቀላል ነው፤ ተቀምጦ መጮህ ደግሞ ከቆሙበት ከመጮህ ይከብዳል። ሞክሪው።

ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ጻፊ። ቀኑን ስታስቢው ሁልጊዜ የምትበሳጪባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ አዲስ አይደሉም።

ማለዳ

እናንተ ሰዎች፣ ምን ልበላችሁ። ጋሼ መምህር፣ ሦስቱን መልሶች ጽፌ ስልኬ ላይ አስቀመጥኳቸው። የልብሱንም ነገር ወስጃለሁ።

ስለ ተደጋገመ ጥያቄ ከተነሣ ግን አንድ የሚያቅተኝ አለ። አባቴ «እናትሽ የት ሄደች?» ይለኛል። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። እውነቱን ስነግረው አዲስ መርዶ ይሆንበትና ያለቅሳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይረሳውና እንደገና ይጠይቀኛል። መዋሸትም ይከብደኛል። የሌሊት ተረኛ፣ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

የሌሊት ተረኛ

ይህን ብዙ ቤተሰብ ይጠይቀናል። በየጊዜው መርዶ መንገር አያስፈልግም። እውነቱን አእምሯቸው አይይዘውም፤ ሐዘኑ ግን ቃሉ ከተረሳ በኋላም ሰውነታቸው ውስጥ ይቆያል፣ ለምን እንደከፋቸው ሳያውቁ ከፍቷቸው ይውላሉ። ውሸት መፍጠርም ግድ አይደለም። ከጥያቄው ሥር ያለውን ስሜት መልሺላቸው። «ናፈቀችህ አይደል? እኔም ናፍቃኛለች። መጀመሪያ ያገኘሃት የት ነበር?» በያቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት እሷ ያለችበትን ቦታ ሳይሆን ስለ እሷ የሚያወራቸው ሰው ነው። የድሮ ትዝታ ከቅርቡ ይልቅ ዘግይቶ ስለሚጠፋ የሚነግሩሽ አያጡም። ፎቶ ካለ አውጥተሽ አጠገባቸው አስቀምጪ።

እሳቸው ግን በግልጽ፣ አይን አይንሽን እያዩ «ሞታለች እንዴ?» ካሉሽ አትካጂያቸው። እጃቸውን ይዘሽ ንገሪያቸው፤ ከዚያም አብረሻቸው ቆዪ።

ሌላው፣ ክርክር ይቅርብሽ። «ዛሬ ማክሰኞ ነው» «የለም ሐሙስ ነው» ብሎ መከራከር ማንንም አይጠቅምም። ሐሙስ ይሁንላቸው።

ሁለተኛው ልጅ

ለመጻፍ አመንትቼ ነበር። እኔ ሩቅ ያለው ወንድም ነኝ፤ የማለዳ አይደለሁም፣ የሌላ እህት። እናታችንን የምትይዘው እህቴ ናት።

ከሩቅ ሆኖ የሚሠራ ነገር አለ። በየማታው በአንድ ሰዓት እናቴን በምስል እደውልላታለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል እናወራለን፣ አንዳንዴ ዝም ብለን እንተያያለን። ያን ጊዜ እህቴ ከክፍሉ ትወጣለች። የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ጥሪው የእረፍት ሰዓቷ እንጂ ለእኔ ሪፖርት የምታቀርብበት ሰዓት አይደለም። የወረቀት ሥራውን፣ የሐኪም ቀጠሮውን፣ ክፍያውን ሁሉ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ይህ ሁሉ በስልክ ያልቃል። «የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ» ማለት አቁሜያለሁ፤ እሱ ሥራውን መልሶ ለእሷ መስጠት ነው። አሁን «ማክሰኞ ሐኪሙ ጋ የምደውለው እኔ ነኝ» እላለሁ።

ማለዳ፣ ወንድሞችሽ ምን እንደጎደለ ላይታያቸው ይችላል። ከሩቅ ሲታይ ሁሉ ነገር የተያዘ ይመስላል፤ በተለይ አንቺ ስልክ ላይ ድምፅሽን አሳምረሽ የምታወሪ ከሆነ።

እሺ ግን

ሁለተኛው ልጅ፣ ኑርልን። እኔ ስል የነበረው ይኼንኑ ነው።

ለዚህ ነገር በሥዕል የሚገለጽ ደንብ አለ። ሱዛን ሲልክ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባሪ ጎልድማን ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2013 በሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ ያወጣችው ነው። ክብ ሥዪ። መሐሉ ላይ መከራው የደረሰበትን ሰው ስም ጻፊ። በሚቀጥለው ክብ የቅርቡን ሰው፣ ቀጥሎ ትንሽ ራቅ ያለውን፣ እንዲህ እያልሽ እስከ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ። ደንቡ አንድ ነው፦ ካንቺ ወደ ውስጥ ላለው ሰው የሚሄደው ማጽናናትና ማገዝ ብቻ ነው፤ ምሬትና እሮሮ የሚሄደው ወደ ውጭ ነው። መሐል ያለው ሰው ለማንም ማማረር ይችላል፤ ያ የእሱ ብቸኛ ጥቅም ነው።

አባትሽ መሐል ናቸው። አንቺ ቀጥሎ ነሽ። ስለዚህ ድካምሽን እሳቸው ላይ አታራግፊም፤ ይህን ራስሽም ይዘሽዋል። ግን ወንድሞችሽ ካንቺ በስተውጭ ናቸው። እነሱ ደውለው «አባባ እንዲህ ሆኖ ማየት አልቻልኩም» እያሉ ሊያለቅሱብሽ አይገባም፤ ለሚስታቸው፣ ለጓደኛቸው ያልቅሱ። አንቺ ግን ለእነሱ ማማረር መብትሽ ነው። ጋሼ መምህር «ለማያገባው አለማከፋፈል» ያሉት እዚህ ላይ ቦታውን ያገኛል። ለሚያገባው ማከፋፈል ነውር አይደለም።

ጡረተኛው መምህር

ተስማምተናል ማለት ነው፤ ይመዝገብልኝ።

ባለ ማስታወሻዋ

ማንም ስላላነሣው ስለ ምስጋና ልጻፍ፤ ማለዳ «በጎ በጎውን» እንዳትሉኝ ብላ ስላስጠነቀቀች በጥንቃቄ።

በየማታው ያመሰገኑባቸውን ነገሮች መዘርዘር ብዙ ቦታ ይመከራል። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማክለው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት የሚያመሰግኑባቸውን የጻፉ ሰዎች የሚያማርሯቸውን ከጻፉት ይልቅ ሕይወታቸውን በተሻለ ዓይን አይተውታል። ይህ እውነት ነው። ግን ሶንያ ሊዩቦሚርስኪና ባልደረቦቿ ለ6 ሳምንት ባደረጉት ሙከራ የተጠቀሙት በሳምንት አንዴ የጻፉት እንጂ ሦስቴ የጻፉት አልነበሩም። ሲበዛ የቤት ሥራ ይሆናል። ለደከመ ሰው ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፦ «ይህ ሁሉ እያለኝ እንዴት ይከፋኛል» የሚል አዲስ ጥፋተኝነት።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው ምስጋናውን ከደብተር አውጥቶ ለሰው መስጠት ነው። በሳምንት አንድ ሰው፣ አንድ የተለየ ነገር፣ ሦስት መስመር መልእክት። «ያን ቀን ሐኪም ቤት ወረፋ ይዘህልኝ ባትሆን ኖሮ አባቴን ይዤ መመለሴ ነበር። አልረሳሁትም።» በቃ። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳዩት፣ ጸሐፊዎቹ ተቀባዩ ምን ያህል እንደሚደሰት አሳንሰው ይገምታሉ፣ ያፍርብኛል የሚሉትን ደግሞ ያጋንኑታል። ቃላት መምረጥ አያስፈልግሽም፤ የሚነበበው ስለታሰበ ነው።

ለተቃራኒው ደግሞ፣ ለንዴቱ፣ ሌላ ደንብ አለኝ። ከራት በኋላ የቁጣ መልእክት አልልክም። እጽፈዋለሁ፣ እንዲያውም አሳምሬ፣ ግን እስከ ጠዋት ይቆያል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ፤ ከስልክ የወጣማ ማስረጃ ሆኖ ይቀመጣል። ጠዋት ሳነበው አንዳንዱን እሰርዘዋለሁ፣ አንዳንዱን አሳጥሬ እልከዋለሁ። ያሳጠርኩት ሁልጊዜ የበለጠ ይሠራል።

ለማንም የማይላክ ጽሑፍም አለ። ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ሙከራ ውስጥ ተማሪዎች በተከታታይ 4 ቀን 15 ደቂቃ እየተቀመጡ ያሳለፉትን ከባድ ነገር ከነስሜቱ ጻፉ፤ በቀጣዮቹ ወራት ወደ ክሊኒክ የሄዱበት ጊዜ ቀነሰ። እየጻፉ ሳሉ ግን ከፍቷቸው ነበር፤ ይህን እወቂ። አራት ቀን ነው እንግዲህ፣ ዕድሜ ልክ አይደለም። ቁስሉ ገና ትኩስ ከሆነም ይቆይሽ።

ድንገቴ

21ን ትቻለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ ባለፈው ዓመት ወንድሜን ቀብሬያለሁ። አንዳንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ስስቅ ራሴን እይዘዋለሁ፤ እንዴት ትስቃለህ ይለኛል ውስጤ። በሌላ ቀን ደግሞ ምንም ሳይኖር ሥራ ቦታ እንባዬ ይመጣል። የትኛው ነው ትክክሉ?

ጡረተኛው መምህር

ሁለቱም፣ ልጄ። እግዜር ያጥናህ።

ባለቤቴን ካጣሁ በኋላ አንድ ሐኪም ያስረዳኝን ላካፍልህ። ማርግሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 እንደጻፉት፣ ሐዘንተኛ በሁለት ነገር መካከል ይመላለሳል። አንዱ ማዘኑ ነው፦ መናፈቅ፣ ማልቀስ፣ ፎቶ ማየት። ሌላው መኖሩ ነው፦ ሥራ መሥራት፣ አዲስ ኃላፊነት መልመድ፣ መሳቅ። ጤነኛው መንገድ መመላለሱ ራሱ ነው። አንዱ ላይ ብቻ የቀረ ሰው ነው የሚያሰጋው። ስለዚህ ስትስቅ ወንድምህን አልከዳህም፤ ስታለቅስም ወደ ኋላ አልተመለስክም።

ለሐዘኔ ሰዓት ሰጥቼዋለሁ። አመሻሽ ላይ ከእሷ ወንበር አጠገብ እቀመጣለሁ። ቀን ላይ ድንገት ሲመጣብኝ «ማታ» እለዋለሁ። አንዳንዴ ይሰማኛል፣ አንዳንዴ አይሰማኝም።

የሌሊት ተረኛ

ድንገቴ፣ መጽናናትን ይስጥህ። ለአንተም ለማለዳም አንድ የሥራዬን ነገር ልናገር፤ ሳልናገረው ክሩ ቢቀጥል ይቆረቁረኛል። ልማድ ሕክምና አይተካም። ለሁለት ሳምንት ያህል አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ መከፋት ወይም በምንም ነገር አለመደሰት ከኖረ፣ ከዚያ ጋር እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተዛባ፣ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ለሰው ይነገራል። አስታማሚ ላይ ጭንቀትና ድባቴ በብዛት ይታያል፤ የመንፈስ ድክመት አይደለም።

ሆድ ከአገር ይሰፋል ይባላል፤ እኔ ግን ሞልቶ የፈሰሰባቸውን ሰዎች ነው ሌሊት የምቀበለው።

አወያይ

ክሩ በጥሩ መንፈስ እየሄደ ነው፤ አመሰግናለሁ። የማንንም የሕክምና ዝርዝር በግል መልእክት አትጠይቁ።

ማለዳ

ሁሉንም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሁሉንም አልሞክርም፤ አልችልምም። የያዝኳቸው፦ የመነሻ ሰዓቱና የደጁ ብርሃን፣ እጅ ስታጠብ ትንፋሽ፣ ከመመለሴ በፊት መቀመጥ። ስለ እናቴ የተጻፈውን ትናንት ሞክሬዋለሁ። አባቴ ከሰርጋቸው በፊት የነበረ፣ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ታሪክ ነገረኝ። ግማሹ ምናልባት የሌላ ሰው ታሪክ ይሆናል፤ ግድ የለኝም።

እሺ ግን፣ አንተ አበሳጭተኸኝ ነበር፤ ግን ልክ ነህ። ለወንድሞቼ ልጽፍላቸው ነው። እዩልኝ፦

«ሰላም ወንድሞቼ። ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ። ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ግን ትንሽ ደክሞኛል። ከቻላችሁ አልፎ አልፎ ብታግዙኝ ደስ ይለኛል። አባባ ሰላም ብሏችኋል።»

እሺ ግን

ይቅርታውን አውጪው። «እኔ ደህና ነኝ» የሚለውን አውጪው፤ አይደለሽም። «ከቻላችሁ» እና «አልፎ አልፎ» ከተጻፉ ማንም ምንም አያደርግም። ቀን፣ ሰዓት፣ የሰው ስም ጻፊ።

ሁለተኛው ልጅ

ከሩቅ ሆኖ የሚያነበው ሰው ምን እንደሚሰማው ልንገርሽ፦ የመጀመሪያው ጽሑፍሽ ቢደርሰኝ «ደህና ናት» ብዬ ስልኬን አስቀምጥ ነበር። እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ ይድረሳቸው፤ ለሁለቱም አንድ ላይ የተጻፈ ልመና የማንም አይሆንም። «ሰላም ብሏችኋል» የሚለው ግን ይቆይ፣ ጥሩ ነው።

ማለዳ

«ሰላም ወንድሞቼ። አባባን ብቻዬን መያዝ ከአቅሜ በላይ ሆኗል፤ ሌሊት አልተኛም። ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። ታላቅዬ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ የሐኪም ቀጠሮውንና የመድኃኒቱን ጉዳይ አንተ ያዝልኝ፤ ወረቀቶቹን ዛሬ ፎቶ አንሥቼ እልክልሃለሁ። ታናሽዬ፣ በየማታው አንድ ሰዓት ላይ ለአባባ በምስል ደውልለትና ግማሽ ሰዓት አጫውተው፤ እኔ ያን ጊዜ ወጣ እላለሁ። ስለ ሌሎቹ ነገሮች እሑድ በስልክ እናውራ። አባባ ሰላም ብሏችኋል።»

የጻፍኩት ማታ ስለሆነ በባለ ማስታወሻዋ ደንብ እስከ ጠዋት አቆየዋለሁ።

ባለ ማስታወሻዋ

ያ ደንብ ለቁጣ ነው እህቴ። ይህ ቁጣ የለበትም፤ አሁኑኑ ላኪው።

ማለዳ

ላክሁት። ታላቅየው «የመድኃኒቱን ስም መጀመሪያ ላኪልኝ» ብሏል። ታናሹ ገና አላየውም።